የዛህራ አካውንትና የአባቴ ግመል

የልጅ ልጄ ዛህራ፣ ማንያታ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ስልኳን ይዛ ታለቅሳለች። በስልክ ጨዋታ ስንት የደከመችበትን አካውንት ከአንድ ሰው ጋር ልትለዋወጥ ተስማምታ፣ "መጀመሪያ ገብቼ ልየው" ቢላት ፓስወርዷን ሰጠችው። እሱም ፓስወርዱን ቀይሮ ወሰደባት።

"አባባ፣ ለኩባንያው ጻፍኩ፤ ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ይኸው፣ አሁን እየተጫወተበት ነው።"

ያደግሁበት አገር፣ ዳበል፣ ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ግመል ሲሸጥ ገመዱ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ግመላችንን ሊለውጥ ብሎ፣ "አረማመዷን ልይ" ላለው እንግዳ ገመዷን አቀበለው። እንግዳው ይዟት እንደወጣ ቀረ። ከርመን ውሃ ጉድጓድ ላይ አገኘናት፤ በምልክታችን ላይ ሌላ ምልክት ተተኩሶባታል። የአባቴን ድምፅ ስትሰማ ዞራ አየችው። የያዛት ሰው ግን "ገዝቼያት ነው" አለ።

አጎቴ አባቴን፣ "አንተ ሞኝ፣ በገዛ እጅህ ሰጥተህ ማንን ትከሳለህ?" አለው።

ይህን ወሬ ለስንቱ ነጋዴ አውርቻለሁ። ለዛህራ ግን፣ ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው ብዬ አልነገርኳትም።

አሁን ነገርኳት። እንባዋን ጠርጋ፣ "ከዚያስ አባባ፣ ግመሏ ተመለሰች?" አለችኝ።

"አንቺ ዝም ብለሽ ለኩባንያው ሰዎች ደግመሽ ጻፊላቸው" አልኳት።