ቀብር ሲያልፍ የሚቆም ውድድር

በየዓመቱ፣ ብስክሌተኞቹ መነሻው ላይ ሲሰለፉ፣ ደንቡን የማነብላቸው እኔ ነኝ። «የሰው ብስክሌት አትጎትቱ፤ መኪና ይዛችሁ ዳገት አትውጡ» እላለሁ። ይሄ የትም ያለ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን እጨምራለሁ፦ «ቀብር ካጋጠማችሁ ውረዱ። ጥቂት እርምጃ ሸኙ። በመካከላችሁ የነበረው ርቀት በሰዓት ተይዞ ይመለስላችኋል።» ዘንድሮ ከደሴ ልጆች ይዞ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ የብስክሌት ውድድር ነው ወይስ የእድር ስብሰባ?» አለኝ። ሁለቱንም ነው አልኩት። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ በዚህ ደንብ አልቀልድም፤ የወጣው በእኔ ጥፋት ነው።

ውድድሩ የአንድ ቀን ነው። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በአቀስታ መንገድ ይሄድና ይመለሳል። ውቂያ አልቆ ሰው እጁ ሲፈታ ይደረጋል። እኔ ስወዳደር መንገዱ ኮረኮንች ነበር፣ ብስክሌቱም በሰዓት የሚከራይ፣ ማርሽ የሌለው። ካቴናው በየዳገቱ ይወልቃል። ካመራዳሪ ያጣ ሰው ጎማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም ሦስተኛ ወጣ! ዛሬ አስፋልት ነው። ሴቶችም ይወዳደራሉ። አንዷማ እህቷ ከጅዳ በላከችላት ገንዘብ በተገዛ ኮርስ ብስክሌት፣ ከአጅባርና ከደጎሎ የመጡትን ጎረምሶች አስከትላ ትገባለች። ሳያት ደስ ይለኛል። የድሮው ሰው ይሻል ነበር የሚሉኝን ሽማግሎች አልሰማቸውም፣ እኔም ሽማግሌ ብሆንም።

ከድሮዎቹ ግን አንዱን የሚተካ አላየሁም፤ አብሮ አደጌን። ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ቤታችን አጥር ለአጥር፣ ቅሬያችንም አንድ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ያስተዛዝናል። ዳገት ሲወጣ ከኮርቻው አይነሳም፣ አያማርርም። የወደቀ ካየ ቆሞ ያነሳል፣ እንደገና ሄዶ የቀደመውን ይደርስበታል። ሁለት ጊዜ አሸንፏል። እኔ አንድም ጊዜ አላሸነፍኩም ነበር። እወደው ነበር፤ እቀናበትም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ ሲኖሩ ሰውን ያሳብዳሉ።

አንድ ዓመት ግን እኔ መራሁ። ወደ ከተማው መግቢያ ዳገት ላይ እሱ ከኋላዬ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከፊታችን ጀናዛ መጣ። ቃሬዛው በሰው ትከሻ ላይ፣ ሸኚው ከኋላው መንገዱን ሞልቶ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ እንኳ ቀብር ካጋጠመው ይወርዳል፤ ሳይወርድ ያለፈ ከሰው አይቆጠርም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ጭኔ አልቋል፤ ከወረድኩ ዳገት ላይ ዳግመኛ እንደማልነሳ አወቅሁ። ጎንበስ አልኩና በመንገዱ ዳር ሾልኬ አለፍኩ። ተሸካሚዎቹ ሊያሳልፉኝ ፈቀቅ ሲሉ ቃሬዛው ዘመም አለ። አብሮ አደጌ ወረደ። ብስክሌቱን ሳሩ ላይ አስተኝቶ ከሸኚዎቹ ጋር ተራመደ። ከኋላው የመጡትም እሱን አይተው ወረዱ።

ሪባኑን በጥሼ ገባሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለሽልማት የተዘጋጀው ሙክት በገመድ እየተጎተተ መጣልኝ። ብቻ ከእኔ በኋላ የሚገባ ሰው ጠፋ። ቆይተው አንድ ሁለት እያሉ ሲገቡ ወሬውም አብሯቸው ገባ። ጭብጨባው ቆመ። ሙክቱን ጎትቶ ያመጣልኝ ሰውዬ ገመዱን ከእጄ መልሶ ወሰደው። እንዲህ ያለ ውርደት ለጠላቴም አልመኝም።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰብስቦ አስጠራኝ። ሊያስወጡኝ ነው። ከቅሬ መውጣት ማለት ከቤትህ ሰው ቢሞት ለቀብር የሚጠራልህ፣ የሚቆፍርልህ፣ የሚሸከምልህ የለም ማለት ነው። አባቴ ደግሞ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ፋሲካን እንደማያዩ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ራሴ ቢሆን በቻልኩት ነበር። አባቴን ቀባሪ ማሳጣቱን ግን አልቻልኩትም።

«አየሃቸው ወይስ አላየሃቸውም?» አሉኝ የቅሬው ዳኛ፣ ሽማግሌ ሸህ ናቸው።

«አላየሁም፣ አባባ» አልኩ። ዋሸሁ።

ወደ አብሮ አደጌ ዞሩ። «አንተ ከኋላው ነበርክ። አላህን ፍራና ያየኸውን ተናገር።»

ተነሳ። «ጀናዛው አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚነዳው፣ አንገቱን መሪው ላይ ደፍቶ» አለ። «እንዲያ ያጎነበሰ ሰው ከጎማው በቀር የሚያየው የለም፣ አባባ። ጥፋቱ የውድድሩም ነው። ቀብር የሸኘ ሰው የሚሸነፍበት ውድድር ምን ውድድር ነው? ደንብ ይውጣለት።»

ሽማግሎቹ ተመካከሩ። ደንቡ እንዲወጣ ተስማሙ፤ እኔንም አላስወጡኝም። ቅጣቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር በብስክሌት መንደር ለመንደር እየዞርኩ ለቀብር መጥራት ሆነ። «ፈጣን ነህ አሉ፤ እስቲ ለሞተ ሰው ፍጠንለት» አሉኝ ሸሁ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

አባቴ ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ያን ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁና ደጃችን ላይ ቆሜ ቀረሁ። የስንቱን ሰው ሞት የጠራሁት እኔ፣ የአባቴን ስም ጠርቼ ሞቱ ማለት አቃተኝ። አብሮ አደጌ መጥቶ ብስክሌቱን ከእጄ ወሰደው። እስከ ረፋድ ዳገት ቁልቁለቱን ዞሮ ጠራልኝ። የመጣው ሰው ብዛት! እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሙስሊም ክርስቲያኑ እየተቀባበለ ተሸከማቸው፤ እሱ ግን ከፊት እንደያዘ ለማንም ሳይለቅ ደረሰ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ሳይጠራ ጸጉሬ ሸበተ። ባለፈው ክረምት ዝናብ ከአብሮ አደጌ ሱቅ ውስጥ ይዞን ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ሳለን አላስችል አለኝ።

«ያን ቀን አይቻቸው ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ፣ ከስፌቱ ቀና ሳይል። «ቀና ብለህ ስታይ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህልኝ?»

«ወላሂ አልዋሸሁም። ጎንበስ ብለሃል፤ ጎንበስ አለ አልኩ። ከዚያ በፊት ምን እንዳደረግህ የጠየቀኝ የለም።» የስፌት መኪናውን አቆመና አየኝ። «ደሞስ አንተን ቢያስወጡ፣ አባትህን እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ልሸከማቸው ነበር?»