እምቢ እስኪሉ ድረስ

መጀመሪያ የፈሰሰው ጠበሉ ነው።

ዐቢይ ጾም ከገባ አራተኛ ሳምንቱ ነበር። ቅዳሴው እንዳለቀ ጋሽ ታደሰ እንደ ወትሮው ሁለት ኩባያ ጠበል ቀድተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝና የራሳቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ውሃው በቀኝ ከንፈራቸው ጥግ ወርዶ ጋቢያቸውን አራሰው። እሳቸው አላወቁም። ሁለተኛም ሲጎነጩ ፈሰሰ። «ምነው ዛሬስ እንደ ሕፃን!» ብዬ ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ስትሮክ የገባበት ሰው እንዲያነበው ነው። ስለዚህ ያጠፋሁትንም አልደብቅም።

እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፉ በኋላ ልጄ «ብቻሽን አትቀመጪም» ብላ አዲስ አበባ አመጣችኝ። ዓመት ሳይሞላ ግን ባሏ ሐዋሳ ተዛወረና ተከትላው ሄደች፤ እኔ ሸጎሌ በተከራየችልኝ አንድ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ለምን አብረሽ አልሄድሽም የሚለኝ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰን አውቄያቸው ነበር።

ጋሽ ታደሰ አዲሱ ገበያ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ሠርተዋል። ሚስታቸውን ከቀበሩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። የተዋወቅነው በሰንበቴ ነው፤ እሑድ እሑድ በየተራ ጠላና ዳቦ በምናቀርብበት ማኅበር። ተራዬ ሲደርስ ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች የሚያግዘኝ እንደሌለኝ አይተው ጠላውን በታክሲ ጭነው አደረሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታክሲ እስከምይዝበት ድረስ ዳገቱን አብረን መውጣት ጀመርን። ብዙም አናወራም ነበር። ከሰው ጎን መራመድ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ግን ያኔ ገባኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ እያፈርኩ፣ ልንጋባ ማሰባችንን ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ምን ያሳፍራል?» አሉ። «ሁለታችሁንም ከትዳራችሁ የለያችሁ ሞት ነው። በጾም ጋብቻ የለም እንጂ፣ ከፋሲካ በኋላ ጸሎቱን አድርሼላችሁ፣ ቆርባችሁ አብራችሁ ትኖራላችሁ።»

እንግዲህ ፋሲካን እየጠበቅን ነበር።

ጋሽ ታደሰ ደም ግፊት አለባቸው። ኪኒናቸውን የሚወስዱት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጾሙ ሲገባ «የሚውጡበት ውሃ ጾሙን አይሽረውም? ለምን ከቅዳሴ በኋላ አያደርጉትም?» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ልንቆርብ ነውና በንጽሕና እንድረስ ብዬ። «እሺ» አሉ። እሺ ባይ ሰው ናቸው። ኪኒኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዞረ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ተረሳ።

ጠበሉ የፈሰሰ ቀን ደግፌ ቤታቸው አደረስኳቸው። ቀኝ እግራቸው ይጎተታል። አፋቸው ጠሟል። ጎረቤት አየቻቸውና «ምች ነው» አለች። እኔም አመንኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነበር የዋልነው። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፍኩ። አሸሁት። ጭማቂውን በማንኪያ አጠጣኋቸው። ትን አላቸው። ደገምኩ። አሁንም ትን አላቸው።

«ተሻለዎት?»

«እሺ።»

«ስሜ ማን ነው?»

«እሺ።»

ያኔ ደነገጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልፏል።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሡ። ሐኪሟ ወጣት ናት። «መቼ ጀመራቸው?» አለች። ነገርኳት። «የደም ግፊት ኪኒናቸውን ዛሬ ወስደዋል?» አልወሰዱም። «በአፋቸው የተሰጣቸው ነገር አለ?» ዳማከሴ፣ አልኩ። ጻፈችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«በግራ አንጎላቸው በኩል ደም ሥር ተዘግቷል» አለች። «ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን የያዘው እሱ ነው። ያጠጧቸው ነገር ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ እንደሆነም እናያለን። እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

ሚስት አይደለሁም። እህት አይደለሁም።

«ጎረቤት» አልኩ።

ጎረቤት አይፈርምም። ልጃቸው ሰናይት እስክትመጣ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። እርጥብ ጋቢያቸውን ታቅፌ ነበር።

ሳንባቸው ታመመ። በአፍንጫቸው ቱቦ ገባ። አሥራ አንድ ቀን ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የሚገባው አንድ ጠያቂ ብቻ ነው፤ የምትገባው ሰናይት ናት። እኔ በር ላይ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። መሐሉ ይጠፋብኛል። እንደገና እጀምራለሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለሰናይት ነገርኳት። «የኪኒኑን ሰዓት ያዘዋወርኩት እኔ ነኝ።»

«እናቴ ብትኖር ይሄን ታደርግ ነበር?» አለች።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «እትዬ ስመኝ፣ ነገ ሥራ መግባት አለብኝ። ከአባዬ ጋር ይውላሉ?»

ለንስሐ አባቴም ተናዘዝኩ። «ለሕመምተኛ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብዬ ስንቴ ነው ያስተማርኩት?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ አባ። ለሌላ ሰው የተባለ መስሎኝ ነው።»

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በየጠዋቱ ከሸጎሌ በታክሲ እየመጣሁ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን እንቅስቃሴ አሠራቸዋለሁ፤ ቀኝ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ ትከሻቸውን እደግፋለሁ፣ ከአልጋው እስከ በሩ እንራመዳለን፤ ሳይመሽም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ ገና አልተጋባንምና ሰው ያወራል። ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ አፌዥያ ትለዋለች፤ የሰውየው ሐሳብ እያለ ቃሉ የሚጠፋበት ሕመም ነው። የቀረቻቸው ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ እሺ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ ጎሚስታ ሊጠይቃቸው መጣና፣ «ታዴ፣ ያን ክሪክህን ልውሰደው?» አላቸው። «እሺ።» «ቤትህንስ?» «እሺ።» «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ።

ፋሲካ አለፈ። ንስሐ አባታችን መጥተው ስለ ጋብቻው አንሥተው ጠየቋቸው። «እሺ» አሉ። ሰናይት ከወንበሯ ተነሣች። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባዬ ለሁሉም እሺ ነው የሚለው። ይሄ ፈቃድ ይባላል?» ክፋት አልነበረባትም። እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። ስለ ኪኒኑም እኮ እሺ ብለውኝ ነበር። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት። ፈቃዱ ሳይታወቅ ጸሎት አላደርስም።»

ሐኪሟን ጠየቅኋት። «እምቢ ማለት ሲጀምሩ እሺታቸውን ማመን ይቻላል» አለችኝ። «መቼ እንደሆነ ግን ልነግርዎ አልችልም። ላይመጣም ይችላል።»

ግንቦትና ሰኔ ሄዱ። ሐምሌ በዝናብ አለቀ። «ሻይ ይሻላል አጥሚት?» እሺ። «አመመዎት?» እሺ። ልጄ ከሐዋሳ እየደወለች «እማ፣ በቃ ነይ» ትለኛለች። ልብሴን አንድ ጊዜ በሻንጣ ከትቼ መልሼ አውጥቻለሁ። የማንም ምንም ሳልሆን የሰው ቤት ማስታመም ከባድ ነው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ጠዋት አጥሚቱን በማንኪያ ላጎርሳቸው ስል፣ በግራ እጃቸው እጄን ያዙና ማንኪያውን ቀሙኝ።

«እምቢ።»

ሰናይት ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። «ምን አለ?» ጎንበስ ብላ ፊታቸውን አየች። «አባዬ፣ ጾም ነው አይደል? ኪኒንህን ከቅዳሴ በኋላ እናድርገው?»

ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እምቢ!»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። «እትዬ ስመኝስ? ወደ አገራቸው ይሂዱ?»

«እምቢ።»

«ታገባቸዋለህ?»

አቀርቅሬ ነበር።

«እሺ።»

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ጸሎቱ ደረሰልን፤ ቆረብን። ድግስ አልነበረም። ሰናይት ነጠላዬን አስተካክላ አለበሰችኝ።

ተፈወሱ ማለቴ አይደለም። ቀኝ እጃቸው ዛሬም ኩባያ አይጨብጥም፤ ቃላቸውም ከአሥር አይበልጥም። ሐኪሟ ስትሮኩ ሊመለስ እንደሚችል ነግራናለች፤ በየቀኑ አፋቸውን ጠመመ አልጠመመ እያልኩ አያለሁ። ለእኔ ማለቂያው አይታየኝም። ቢሆንም ሳትቆጣ ለጻፈችው ሐኪም፣ እውነቱን ነግሬያት በሯን ላልዘጋችብኝ ሰናይት፣ ከሁሉ በላይ ለእመቤቴ ምስጋና አለኝ። እናንተን አደራ የምላችሁ፣ አፉ ለጠመመ፣ እግሩ ለተጎተተ፣ ቃል ለጠፋው ሰው ምች ነው ብላችሁ ምንም አታጠጡት፤ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። ኪኒኑንም ለጾም ብላችሁ ከሰዓቱ አታንቀሳቅሱ። ለሌላ ሰው የተባለ አይደለም።

ባለፈው ለክትትል ስንሄድ አንዲት አዲስ ነርስ ካርዱን እየሞላች «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችኝ።

«ባለቤታቸው» አልኩ።

ድጋሚ ብትጠይቀኝ ደስ ባለኝ ነበር።