የተራራው መንገድ አፈር የት ይደፋ?

ቆቦ፣ ንጋት

ፀሐይ ሳትወጣ በሚኒባስ ተነሣሁ። ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፤ ፊደሉንም የድንጋይ ካቡንም ያለ አስተማሪ የለመድኩ ሰው ነኝ። ተራራ እንዴት እንደሚቆረጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በቆቦ የለም።

ሮቢት ላይ ወዳጄ ሰይድ ተሳፈረ። ማሳው ከተራራው ግርጌ ነው። የማሽላው ቅጠል በጥም ተጠቅልሏል፤ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ካላጠጣው ዘንድሮ እህል የለውም። አዲሱን መንገድ የሚሠሩት ግን የቆረጡትን አፈርና ድንጋይ እዚያው ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ይደፋሉ።

«አንተ አዋቂ፣ ዛሬ አስቁምልኝ» አለኝ።

«ከእኔ ጋር ሄደህ አፍረህ ታውቃለህ?»

«ብዙ ጊዜ።»

ረፋድ፣ ተራራው ላይ

ድንጋይ በጫነ ሲኖትራክ ተሳፍረን ወጣን። ቀይ አቧራ፣ የተነቀለ ወይራ፣ የተሰነጠቀ ቋጥኝ። ዶዘሩ አፈሩን እየገፋ ወደ ጎርፍ መውረጃው ገደል ይለቀዋል። ሥራውን ለምትመራው ወጣት መሐንዲስ ነገርኳት፦ የተቆረጠው አፈር በካብ ይያዝ፤ ካቡ ላይ ሣርና እሬት ይተከል፤ ውሃው አንድ ቦታ ሳይጠራቀም ተከፋፍሎ ይውረድ።

«አባባ፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው» አለች። «ግን ካብ ጊዜ ይፈልጋል። ከላይ ደጋው ላይ ያሉት ወላድ በቃሬዛ እያወረዱ ነው፤ ክረምቱ ሳይበረታ መንገዱን ክፈቱልን ይላሉ።»

አጠገቧ የቆመ ደገኛ ጣልቃ ገባ። «ማሽላ ይጠብቃል፤ ምጥ አይጠብቅም።»

መልስ ነበረኝ፤ ነጎድጓዱ ቀደመኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ማሳው

ዝናቡ ተራራው ላይ ሲወርድ እኛ እየሮጥን ወረድን። ቆላው ላይ ጠብታ የለም፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ጎረቤቶች አካፋ ይዘው የሰይድ ቦይ አፍ ላይ ቆመዋል። በእኛ አገር ጎርፍ ሲመጣ ተጠራርቶ መጥለፍ ነው እንጂ የመጣ ጎርፍ የሚመልስ ሰው አይታወቅም።

ጎርፉ ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ድንጋይ ከድንጋይ ይላጋል።

«ዝጉት» አልኩ።

«ሽማግሌው ጃጀ» አለ አንዱ ጎረቤት። «ዱዓ ያደረግንበትን ውሃ ነው የምንዘጋው?»

«የመንገዱን ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው። ከገባ ማሳውን ይቀብረዋል።»

ሁሉም ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ ማሽላውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ በገዛ አካፋው የቦዩን አፍ መድፈን ጀመረ። እሾህና አፈር ጨመርንበት። ጎርፉ በሬ የሚያህል ቋጥኝ እያንከባለለ በአጠገባችን አለፈ።

አመሻሽ

አንድ ጠጠር አልገባም። እንዲህ ያለ ፍርድ በአገሩ ማን ይሰጣል?

«አየህ፣ ማሳህን አዳንኩልህ» አልኩት።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ። በጣቶቹ መካከል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

«አልሃምዱሊላህ፣ አዳንከው» አለ። «አሁን ደግሞ አጠጣው።»

ወደ ቆቦ የሚመልሰኝ የመጨረሻው መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ሰማሁት። አልተነሣሁም፤ ማሳው ገና ውሃ አልጠጣም።