ለፋጡማ ያመላለስኩት ወተት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ባሰብኝ።

ቤታችን ሐረር፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጪ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ገዝፎብኝ ሦስት ቀን ሙሉ አምጬ ሞቶ ተወለደ። ከዓመታት በፊት ሁለተኛዋን ሳረግዝ አማቴ፣ "ወተትና እንቁላል አፍሽ እንዳይገባ። ወተት ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል። ሆድሽን ከሞላሽው ደግሞ እንደዚያኛው ገዝፎ አልወጣም ይልሻል" አሉኝ። ሞትን ስለፈራሁ እሺ አልኩ። በቀን አንዴ ቂጣ በበርበሬ ቀምሼ አድር ነበር።

የላማችንን ወተት በየጠዋቱ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ለምትኖረው ደንበኛዬ ለፋጡማ አደርስላት ነበር። እሷም ያኔ እንደኔው ነፍሰ ጡር ነበረች።

"ወላሂ አንቺ ሴት፣ አንድ ኩባያ እንኳ ቅመሺ! ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል" ትለኛለች።

"ያንቺ ልጅ ጭንቅላቱ በወተት ተለስኖ ሲወለድ እናያለን" እያልኩ እስቅባት ነበር።

ሁለታችንም በአንድ ወር ውስጥ ወለድን። የኔዋ ጥሩነሽ የድመት ግልገል ታክል ነበር፤ ቶሎ ወጣች። አማቴ እልል አሉ።

ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ሀ ሁ ግን አልያዝ አላት። ጨው አምጪ ብዬ ጎረቤት ስልካት መንገድ ላይ ትረሳዋለች። የፋጡማ ልጅ ዘይነብ ቁርአንን እስከ መጨረሻው ቀርታ አኽትማ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። በኋላ ፋጡማ ራሷ "ተነሺ፣ ሐኪም ይያት" ብላ ክሊኒክ ወሰደችን።

ነርሷ ጥሩነሽን ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። "እሷን ስታረግዢ ምን ትበዪ ነበር?"

የምታመሰግነኝ መስሎኝ ሁሉንም ነገርኳት።

"የልጅ አእምሮ መሠራት የሚጀምረው እኮ ማህፀን ውስጥ ነው፣ እናቱ ከምትበላው። ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ አንቺ ግን በረሃብ ነው የሠራሻት።"

"መድኃኒቱስ?" አልኳት።

"የዘጠኝ ወር ረሃብ የሚመልስ መርፌ የለኝም" አለችና ተረኛውን ጠራች።

ፋጡማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። ከበር ስንወጣ "አስተግፊሩላህ፣ የልጅሽን ድርሻ የኔዋ ጠጣችው" አለች።

ጥሩነሽ ቃሉ ደስ አላት መሰለኝ፣ "ድርሻ፣ ድርሻ" እያለች እየሳቀች ቤት ገባች።

ይኸው በአርባ ዓመቴ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። አማቴ አሁንም "በዚህ ዕድሜሽ ትልቅ ልጅ ይገድልሻል" ይላሉ። እፈራለሁ፤ ያ ሦስት ቀን አልተረሳኝም። ግን በየቀኑ ፋጡማ ቤት እየሄድኩ፣ አማቴ እንዳይሰሙ በር ዘግታ የምትሰጠኝን ወተት እጠጣለሁ። ከተለጠፈም ይለጠፍ።

አብራኝ የምትመጣው ጥሩነሽ ወተቱ ለሕፃኑ ጭንቅላት ነው ሲባል ሰምታለች። "ለኔስ?" ስትለኝ የተረፈውን እሰጣታለሁ። ኩባያውን እስኪጠራ ትልሰውና ቀና ብላ ታየኛለች።

"አሁን ጎበዝ ሆንኩ?"

በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ኩባያውን ተቀብያት አጥባለሁ።