«ወፍ ነው» ያሉት የናሆም ጉበት

የዛን ቀን ጠዋት አብሽ እየለቀምኩ ነበር። ልጄ ሰናይት ጨቅላ ልጇን ናሆምን ልታጥበው ልብሱን ስታወልቅለት «እማዬ፣ ነይ እዪው» አለችኝ። የተከተበበት ክንዱ መግል ቋጥሯል። ብብቱም አብጧል። ቢሲጂ የሚሉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ሁሉም ልጅ ትንሽ ቁስል ያወጣበታል፣ ይደርቃል። የሱ አልደረቀም። ፈነዳ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ትኩሳት ያዘው። ጡት እምቢ አለ። ሆዱ ተነፋ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ።

ጎረቤቴ ዘይነባ አየችውና «ወላሂ የወፍ በሽታ ነው! ሐኪም ቤት እንዳትወስጂው፣ ወፍ ያለበት መርፌ ከተወጋ ይሞታል» አለች። እኛ ሰፈር ሁሉም የሚለው ይሄንኑ ነው። እኔም አመንኩ። ኤረር በር አጠገብ የወፍ መድኃኒት የሚሰጥ ሰውዬ ጋ ይዤው ሄድኩ።

ሰውዬው ይቅማል። ጥርሱ አረንጓዴ፣ ከንፈሩ ጥግ አረፋ። የመድኃኒቱን ሥር ከነጫቱ አኘከና «አፉን ክፈቺልኝ» አለኝ። ሊተፋበት! ጨቅላ አፍ ውስጥ! ይሄን የምትጽፊልኝ ሳሮን፣ አንቺ ደግሞ አትሳቂ፣ እንዳለ ጻፊው። የናሆምን አፍ በእጄ ሸፈንኩ።

«ወግድልኝ!» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተጸይፈሽ ልጁን ልትገድዪው ነው!»

ባጃጅ አስቁሜ በቀጥታ ሆስፒታል።

መርፌ ሲያወጡ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልሞተም። ሐኪሟ ሆዱን በአልትራሳውንድ አየች፣ ከእብጠቱ ናሙና አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ «እማማ» አለችኝ፣ «ክትባቱ ውስጥ ያለው የደከመ ጀርም ነው፣ አብዛኛውን ልጅ አይጎዳም። የናሆም ሰውነት መከላከል ስላቃተው ግን ጉበቱ ድረስ ገብቷል። ከስንት አንድ ልጅ ላይ ነው የሚደርሰው። ይታከማል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።»

የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ሪፋምፒሲን የሚሉት ሽንቱን አቅልቶት ጨርቁ ሁሉ ሲነከር ደም መስሎኝ ጮኼአለሁ፤ እሱ ያስታውካል፣ እኛ እናጥባለን፣ ክንዱን ሐኪሟ እንዳሳየችን እየጠረግን እንሸፍናለን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓይኑ ነጣ፣ ሆዱም ጎደለ፣ አንድ ቀን የእናቱን ጡት ይዞ አልለቅም ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እግዜር ይመስገን፣ ለሐኪሟም ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ልጅ የታመመባችሁ፣ ክትባቱን አትፍሩት፤ ነቀርሳው ይብሳል። ብብቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ሩጡ። የሰው ምራቅ ለልጅ አይሰጥም። ቱ!

በቀደም ዘይነባ አዲስ የተወለደች የልጅ ልጇን ታቅፋ መጣች። ናሆምን አገላብጣ ሳመችው።

«አልሀምዱሊላህ፣ አንቺ ተጸያፊ ሆነሽ ተረፈ። እኔ ብሆን አፉን ከፍቼ፣ የሰውዬውን እጅ እስም ነበር» አለችኝ። የሕፃኗን ክንድ ዳበሰች። «ነገ ይቺን አስከትባታለሁ። አብረሽኝ ካልሄድሽ ግን፣ ከበሩ ነው የምመለሰው።»