የካሱባ ታንከር

ካሳማ ከተማ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ኢኖክ ካሱባን የማያውቅ የጥገና ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የጥገና ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ሲቀመጥ እንኳ ዓይኑ ወደ ጣሪያው ይሄድበታል። ሚስቱ «ለጋብቻ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን፣ አባቴን ሰላም ከማለቱ በፊት የደጃችንን መቃን ነካክቶ ነበር» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

የአካባቢው የጥገና ኃላፊዎች በየዓመቱ ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበትና ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀናት በሚቀሩበት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምስጥ እንዴት እንደሚቀባ ያሳያል። ሌላው የዴስክ እግር በአሮጌ የብስክሌት ላስቲክ ታስሮ ዓመት እንዴት እንደሚቆይ ያስረዳል። አንድ ዓመት ግን ካሱባ ይዞት የመጣው ሐሳብ ከሁሉም በልጦ ተጨበጨበለት።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዘውን የውሃ ታንከር የብረት ማማ ሳይሠሩለት፣ የመታጠቢያ ቤቱና የማደሪያው ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ አናት ላይ ወፍራም ሳንቃ አጋድሞ ማስቀመጥ ነው። ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ልጃገረዶቹም ባልዲ ተሸክመው ከመመላለስ ይገላገላሉ። በዚያው ዓመት ስምንት ትምህርት ቤቶች እሱን አይተው ሠሩት። ስምም ወጣለት፦ የካሱባ ታንከር።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ነሐሴ ላይ፣ ካሱባ በራሱ ትምህርት ቤት፣ ታንከሩ ካረፈበት ጥግ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየ። ልስን ይሆናል ብሎ ሊያልፋት ፈለገ፤ እግሩ ግን እንቢ አለው። ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አምጥቶ ስንጥቁን አሻግሮ በሲሚንቶ አጣበቀው። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ ቁርሱን ሳይቀምስ፣ እሱን ማየት ሥራው ሆነ። ዘጠኝ ሳምንት ደህና ነበር። ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መስታወቱ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘው።

ያ ግድግዳ የድሮ ሚስዮናውያን የሠሩት፣ አንድ ክንድ ውፍረት ያለው ነው። ካሱባን ያስፈራውም ይኸው ነበር። ይህ ከተንቀሳቀሰ፣ የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች፣ በቅርቡ የተሠሩት፣ ነጠላ ጡብ የሆኑት እንዴት ይሆናሉ? በዚያው ሰዓት ታንከሩን አራገፈው። ልጃገረዶቹ ባልዲያቸውን አንስተው «አባባ ካሱባ፣ ምነው ወደ ድሮው መለሱን?» ብለው አጉረመረሙ። 

ሐሙስ ጠዋት ካሱባ ወደ ስብሰባው በጄሬ መኪና ሄደ። ጄሬ የጎረቤት ትምህርት ቤት የጥገና ኃላፊ ነው፤ ከምሥራቅ የመጣ የንጎኒ ጎሳ ሰው። ካሱባ ቤምባ ነው። ቤምባና ንጎኒ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሰዳደቡ የሚቀየም የለም።

«አንተ ዝንጀሮ በሊታ» አለ ጄሬ፣ «ዛሬ ምነው አፍህ ተሰፋ? ሊጨበጨብለት የሚሄድ ሰው እንዲህ ፊቱን አይቋጥርም።»

«አንተ አይጥ በሊታ፣ መንገዱን እይ።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ካሱባ ስለ መስታወቱ ነገረው። ጄሬ መኪናውን ጠርዝ አስይዞ አቆመ።

«ማን ያውቃል?»

«አንተና እኔ።»

«የአንተን አራግፈሃል። ሌሎቹ እኮ እስካሁን ቆመዋል። ምናልባት…» አለና ጄሬ ሳይጨርሰው ተወው።

«አንተ ጋ በአንድ ማደሪያ ስንት ልጅ ይተኛል?»

«አርባ ስድስት።»

«እንግዲያው ንዳ።»

ስብሰባው በአስተናጋጁ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ነበር። ሰዉ ሃያ ሰባት ይሆናል። ቅጠል አይነቃነቅም፤ ከላይ ቆርቆሮው በሙቀት ቋ፣ ቋ ይላል። ሰብሳቢዋ ማዳም ካቴባ ስም ጠራች። «ሲቺሊማ» ስትል መልስ አልነበረም። ደግማ ጠራች፤ ዝም። ምልክት አድርጋ አለፈች። ከዚያ ፈገግ ብላ ተነሣች።

«ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ሐሳቦቻችን በመጽሐፍ ታትመው ለጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊላኩ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የማን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካሱባ ተነሣ፤ ጭብጨባው ግን እስኪቆም ቆየ፤ ሊያመሰግን መስሏቸው ነበር።

«ያንን ገጽ ቅደዱት» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። ካሱባ ያየውን ሳያሳጥርና ሳያስረዝም ነገራቸው። ንግግሩን ሲጨርስ ሙባንጋ የሚባል ወፍራም ሰው ብድግ አለ። የእሱ ትምህርት ቤት ታንከሩን ከስምንቱ ቀድሞ የሠራ ነው።

«የምዋባ አባት» አለ፣ ካሱባን እንደ አገሩ ልማድ በልጁ ስም ጠርቶ፣ «አያስፈራሩን እንጂ! የእኔ ሦስት ዓመት ንቅንቅ አላለም። ርእሰ መምህሩ በሰው ፊት አመስግኖኛል። አሁን ምን ብዬ ነው ‘አፍርሱት’ የምለው?»

«ግድግዳህ ስንት ጡብ ነው?»

«አንድ።»

«ጡቡ በምን ተያያዘ?»

ሙባንጋ ዙሪያውን አየ። «በጭቃ» አለ ዝቅ ብሎ። «ልስኑ ግን ሲሚንቶ ነው።»

«እዚያ ላይ ሃምሳ ኩንታል ጭነሃል። ጫን ያልኩህም እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

 ጄሬ ከኋላ ተነሥቶ ቆመ። «ስሙ እናንተ ዝንጀሮ በሊታዎች! ይህ ዘመዴ ተሳሳትኩ ሲል በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ሚስቱን ጠይቁ! ዛሬ ካለ የእውነት ነው። ስልካችሁን አውጡ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር። ሰዎቹ እየተጋፉ ወደ ደጅ ወጡ። በየዛፉ ጥላ ሥር «ውሃውን አራግፉት!» «ልጆቹን ከዚያ ክፍል አውጧቸው!» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። ሰባቱ ትምህርት ቤቶች ተገኙ። የስምንተኛው፣ የሲቺሊማ ስልክ ግን አይሠራም፤ በዚያ ግቢ የሌላ ሰው ቁጥር የሚያውቅም አልተገኘም።

«ለምን እንደቀረ ነግሮሻል?» ብሎ ካሱባ ካቴባን ጠየቃት።

«ሰሞኑን ደውሎ ነበር። ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ውሃ አላገኙም። ሐሙስ ጠጋኙ ይመጣል፣ ላልደርስ እችላለሁ ነው ያለኝ።»

«ሐሙስ ዛሬ ነው።»

«አዎ፣ ዛሬ…» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ታንከሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነበር፤ ዛሬ ግን ሊሞላ ነው።

ካሱባና ጄሬ ወዲያው ተነሡ፤ ወደ ሲቺሊማ ትምህርት ቤት መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው። በስተምሥራቅ ደመናው እንደ ከሰል ክምር እየጠቆረ ይከተላቸው ጀመር። ጄሬ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይነዳል፤ ስድቡም ቀልዱም ጠፍቶበታል። ካሱባ ደግሞ በልቡ ሊትሩን ያሰላል። ፓምፑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከተጠገነ ሰባት ሰዓት ላይ ታንከሩ ግማሽ ይሆናል… ደግሞ ስሌቱን ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። ሊደርሱ ሲሉ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ፤ ጠብታው ሳንቲም ያህላል።

አሥር ሰዓት ግድም ግቢው ገቡ። ልጃገረዶች ከገመድ ላይ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ፣ እየሳቁ ወደ ማደሪያው ይሮጣሉ። ከጀርባ የፓምፑ ድምፅ ዱግ ዱግ ይላል። ሲቺሊማ ሸሚዙ በስብሶ በደስታ ወጣ።

«የምዋባ አባት! ዝናብም አመጣችሁልን? ተመልከት፣ ታንከርህ ሊሞላ ነው!»

ካሱባ ሰላምታውን አልመለሰም። በዚያ አገር ሰላምታ የማይመልስ ወይ ያበደ ነው ወይ መርዶ ይዟል። የሲቺሊማ ፊት ተለወጠ። ካሱባ የሚያየው ግድግዳውን ነበር። ጥጉ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ አብጧል። ከሳንቃው ሥር ደቃቅ አሸዋ ያለማቋረጥ ይንቆረቆራል።

«ፓምፑን አጥፋ! ልጆቹን አውጣ!»

«በዚህ ዝናብ?»

«ወደ ዝናቡ! አሁኑኑ!»

የማደሪያው ኃላፊ፣ የካሉባ እናት፣ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልሳ ዓመት የተጠጋት፣ ከባድ፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። የካሱባን ፊት አንዴ አየችና እጇን አጨበጨበች። «ውጡ! ጫማ አትፈልጉ! ውጡ!» ልጃገረዶቹ እየጮኹ ፈሰሱ። እሷ በር ላይ ሆና የእያንዳንዷን ትከሻ እየነካች ቆጠረች።

«አንድ ጎደለች» አለች። «ወባ የያዛት።»

«እኔ ልግባ» አለ ካሱባ።

«አልጋዋን የት ያውቁታል?»

ገባች። እሱ ከውጭ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሮጠ። የካሉባ እናት መስኮቱን ከፍታ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለችውን ልጅ አሾልካ ሰጠችው። ልጅቷ በትኩሳት ትቃጠላለች።

«ያዛት» አለች።

ያዛት። ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ጥጉ፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ፣ ቁጭ አለ። ከዚያ ታንከሩ ተንሸራቶ ጣሪያውን ይዞት ወረደ፤ ውሃውም ጡቡን እያንከባለለ ግቢውን ሞላው። ካሱባ ልጅቷን እንዳቀፈ ወደቀ። ወዲያው ተነሥቶ ከጄሬና ከሲቺሊማ ጋር በእጁ ጡብ ያነሣ ጀመር። ጥፍሮቹ ተነቀሉ፤ አላወቀም። የካሉባ እናትን ሲያወጧት ዝናቡ ገና አላባራም። ሕይወቷ አልፎ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ካሱባ ለቅሶ ቤት ሄደ። ወንዶቹ ደጅ ካሉበት ራቅ ብሎ ብቻውን ተቀመጠ። የሟች ልጅ ካሉባ፣ ምፑሉንጉ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትነግድ ትልቅ ሴት፣ ከቤት ወጥታ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ታንከሩ የእርስዎ ነው?»

«ሐሳቡ የእኔ ነው።»

«ሲቺሊማ ‘ጥፋቱ የእኔ ነው’ ይላል።»

«የሁለታችንም ነው።»

 «እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«‘ያዛት’ አለች። ሌላ አላለችም።»

ካሉባ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። «ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም» አለች። «እኔ እንጃ። የዓመቱ መታሰቢያ ላይ ግን ይመጣሉ። ማንም ባይጠራዎት ይመጣሉ።»

ካሱባ ሁሉን በራሱ እጅ ጽፎ ለአለቆቹ ሰጠ። ከሥራው አላባረሩትም፤ አንዳንድ ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገር ጀመር። ወሩ ሳያልቅ ታንከሮቹ ሁሉ ወረዱ። ሙባንጋ ልስኑን ሲያራግፍ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከሥሩ አገኘ። በዚያው ቀን ለካሱባ ደውሎ ነገረው።

በቀጣዩ ጥቅምት ማዳም ካቴባ አዲስ ሕግ አወጣች። አዲስ ሐሳብ ከመሰማቱ በፊት የድሮው ምን እንዳደረሰ ይነገራል። መጀመሪያ የተነሣው ካሱባ ነበር። የስምንቱን ትምህርት ቤቶች ግድግዳ በየተራ ተናገረ፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስም የካሉባን እናት ስም ጠርቶ ጨረሰ። ማንም አላጨበጨበም። ከአዳራሹ ሲወጣ ጄሬ መኪናውን አስነሥቶ ጠበቀው። መታሰቢያው በማግስቱ ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነው።