በስሜ የታዘዘው መድኃኒት

ሰው ካገሩ የሚጠፋው በሌሊት ነው ይባላል። እኔና አስማረ ግን የወጣነው በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቱ እማማ የሺ ጌሾ በሚሸጡበት በኩል አልፈን ነው። "ወዴት ናችሁ?" አሉን። "ጨው ልንገዛ" አላቸው ልጃቸው። ጨው ፍለጋ አባይን ተሻገርን!

ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥለን ነበር የሄድነው። ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አዞረኝ። አስማረ ቀበቶዬን ጨምድዶ ይዞ "እንዳትወድቅ አደራ፤ ለእናትህ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው?" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቅሁበት።

መርካቶ ስንደርስ ሰፈሩ ጎጃም በረንዳ ይባላል ሲሉን ዘመድ ያገኘን መስሎን ነበር። ስሙ ነው እንጂ የጎጃም፣ ደህና አደራችሁ የሚል እንኳ የለም። እኛ አገር መንገደኛ ሳይጠጣ አያልፍም፤ እዚህ ሽሮው ራሱ ውሃ ነው። ሸክም ግን ሞልቷል፤ ጆንያ እየተሸከምን መኖር ጀመርን። ማደሪያችን አንዋር መስጊድ አጠገብ እትዬ ሩቂያ የሚያከራዩት ቆጥ ሆነ። ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው። የመጀመሪያ ቀን ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩንና፣

"ከመሃላችሁ የሚያንኮራፋ አለ?" አሉ።

"እኔ ትንሽ…" አለ አስማረ፤ መዋሸት አይሆንለትም።

"ትንሽ የሚባል ማንኮራፋት የለም። አንድ ቀን ከሰማሁ ጨርቅህን ይዘህ ውልቅ ነው!"

"ተኝቼ በምን አውቃለሁ እትዬ?"

"ሳትተኛ እደር!"

በሁለተኛው ዓመት ጭድ ተራ ጆንያ እንደተሸከምኩ ወደቅሁና የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሙ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቢጫ የሆነ ፍሬ አዘዘልኝ፤ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ማዘዣውን አይታ፣

"በስምህ የታዘዘ ነው። ለሌላ ሰው አትሰጥም፣ ከታዘዘልህ አትጨምርም፣ ከመጠጥ ጋር አትወስድም። ገባህ?"

"እሺ።"

"ምን አልኩህ?"

"እሺ አልኩ።"

"አንተ ያልከውን አይደለም፣ እኔ ምን አልኩህ!"

"እሺ እህቴ።"

እኛ አገር የተማረ ሰው ሲናገር እሺ ማለት ጨዋነት ነው፤ መስማት ሌላ ጉዳይ ነው።

አስማረን ወገቡ ከያዘው ወራት አልፎት ነበር። ማታ ጎኔ ተቀምጦ ያቃስታል። ከቆሎ ጀምሮ ሁሉን ተካፍለን የኖርን ሰዎች፣ ዓይኑ እያየ ብቻዬን እንዴት ልዋጥ? ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል ነው ያደግነው። አንዷን ሰጠሁት። በማግስቱ እየዘፈነ ተሸከመ። እንግዲህ ሕመሙ ነበር "አውርደው፣ ይብቃህ" የሚለው፤ እሱ ዝም ሲል አስማረ በአንዱ ጆንያ ላይ ሌላ መደረብ ጀመረ። አንዷ ፍሬ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ ሦስት። የኔ ሲያልቅ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ሰው አገኘ። ሰው ወደ አገር ሲሄድ ደግሞ ለእናቱ ጉልበት ብሎ በፌስታል ቋጥሮ ላከ። ሲቋጥር ጫፉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

አንድ እሁድ ዝናብ ስለነበር ሥራ አልወጣንም። አስማረ አረቄ ቀማምሶ ገባና ስንት እንደሆነ ያላየሁትን ፍሬ ውጦ ከምሳ በኋላ ተኛ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ፤ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስላል። እትዬ ሩቂያ እንዳይሰሙ ብለን በጎኑ አዞርነው፤ ባሰበት። ነቀነቅነው፤ አልነቃም። ቆይቶ ግን ተወው።

"እሰይ፣ ዝም አለ" አልኩ። በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ለእራት ስንቀሰቅሰው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጁ ቀዝቅዞ አገኘነው። እትዬ ሩቂያ ደረታቸውን እየደቁ "ምነው ባንኮራፋብኝ! ምነው ቤቴን ባፈረሰው!" ብለው አለቀሱ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሐኪሙ "ያ ማንኮራፋት ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ያኔ ብታመጡት ኖሮ…" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እዚሁ ቀበርነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። የአገራችን ሰው ጋሼ አለሙ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዛሬ ጠዋት ተሳፍረዋል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እማማ የሺ ደጅ ይቆማሉ። ሲሄዱ "አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ ብቻቸውን ሆነው ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑ በአንተ ነው" ብለውኛል። እሺ አልኩ። ያ ፌስታል ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤታቸው ስልክ ደወልኩና እማማ የሺን አስጠራሁ።

"እማማ፣ ያ ፍሬ አለ እንዴ?"

"አለ እንጂ ልጄ! ጉልበቴ ጉልበት ሆነ። አንዱ እየሰነፈብኝ ነው መሰለኝ፣ አሁን ማታ ማታ ሦስት አድርጌዋለሁ። ስለሚመር በጠላ ነው የምውጠው።"

"ተይው… ይተዉት እማማ! ሐኪም ከልክሏል። ሰው ይጎዳል።"

"ማንን ጎዳ?"

"አንድ ሰው" አልኳቸው። የፈራሁት መርዶውን ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የኔ መሆኑንም ነው።

"አስማረ ነው የላከልኝ፣ እሱ ራሱ ይንገረኝ። እስቲ ስልኩን ስጠው።"

"ሸክም ላይ ነው" አልኳቸው።

"ሸክም ላይ? ያ ወገቡ ተሻለው በለኛ! እልል በሉ!" ጎረቤቶቹ እልል ሲሉ በስልኩ ሰማሁ። "ይኸው፣ የኔን ልጅ አስነስቶት የለ? አንተ ደግሞ ይተዉት ትለኛለህ። ዛሬማ ለእናትህም አካፍላታለሁ፤ እሷም ወገቧን ብላለች።"

ስልኩን ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። ጎረቤትየዋ እንደ ልማዷ ባትሪው እንዳያልቅ ስልኩን አጥፍታዋለች። እነጋሼ አለሙ የሚደርሱት ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከዚያ በፊት ዛሬ ማታ አለ።